ሹራብ ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። ለብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈር ሴቶች ጋር ተሰብስበን ሹራብና ኪሮሽ እንሠራለን። ሲሞላልን ሃያ እንሆናለን፣ ሲጎድል ስምንት ዘጠኝ። ሰሞኑን ሥራችንን ያዩ ሦስት ቡድኖች፣ አንዱ የእድር ሴቶች፣ አንዱ የጽዋ ማኅበር፣ አንዱ ደግሞ ገና ትምህርት የጨረሱ ልጆች፣ «እኛም በጋራ የሆነ ነገር ልንሠራ አስበናል፤ ከምን እንጀምር?» ብለው መጡ። ለእያንዳንዳቸው ቡና ላይ ተቀምጬ ያወራሁትን በጋዜጣችሁ ብታወጡልኝ ለሌሎችም ይደርሳል ብዬ ነው። በሌላ ከተማም እንደኛ የሚሰበሰቡ ይኖራሉ። እኛ የደከምነውን ድካም እነሱ ባይደክሙት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን ነበር የምንመጣው። የሶፋ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ፣ ለምትዳር ልጅ የአልጋ ልብስ። ቦታችን ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ዛፍ ሥር ነው። ቡናው በተራ ነው። የክር ቅርጫታችንን እግራችን መሃል አጥብቀን እንይዛለን፣ ምክንያቱም ጦጣዎቹ አያስቀምጡንም። አንድ ቀን አንዷ ጦጣ ቀይ ጥቅል ክር ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ክሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተዘረጋ እስኪያልቅ ድረስ ከታች ሆነን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም።

በዕድሜ ትልቋ እማማ በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤት ሆም ኢኮኖሚክስ ክፍል ዳንቴል የተማሩ ናቸው። እኔ ሹራብ የለመድኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ እናቴ ከቀበሌው የአኢሴማ (የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር) ሴቶች ጋር ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ እያዩ ነው የተማሩት። እና አንድ ቅዳሜ እማማ የያዙትን ዳንቴል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «እኔ እኮ ቤቴ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልቀረኝም። ከእንግዲህ ለማን ነው የምሠራው?» አሉ። ሳቅን። ቤታችን ስንገባ ግን ጥያቄው አብሮን ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ያን ቀን አንዷ ልጅ ከስልኳ ላይ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ አነበበችልን። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካሮሊን ስቴን የምትባል ሴት፣ የኔልሰን ማንዴላ ረዳት የነበረችው ዜልዳ ላ ግራንዥ «ለማንዴላ ቀን 67 ብርድ ልብስ ሥሪ እስቲ» ብላት ነው የጀመረችው። 67 የተባለው ማንዴላ ሕዝባቸውን ያገለገሉበት ዓመት 67 ነው ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ብቻዋን እንደማትወጣው ሲገባት ጓደኞቿን ጠራች፣ እነሱም የየራሳቸውን ጓደኛ ጠሩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስረኞች ሳይቀሩ መርፌ ያዙ። ይህን ሰምተን ልባችን ሞቀ። ብርድ ልብስ ግን በዛብን። ትንሽ ነገር እንጀምር ተባባልን። ትንሽ ነገር ያልነው ለሕፃናት ኮፍያ ነው።

ማን ጠየቀን? ማንም። እኛስ ማንን ጠየቅን? ማንንም። እንዲሁ በደስታ ገባንበት። በአንድ ወር 40 ኮፍያ ደረሰ። አንዷ ጆሮ ሠራችለት፣ አንዷ አናቱ ላይ ትልቅ የክር ኳስ ሰቀለች፣ አንዷ በዳንቴል አሠራር አበባ አበባ አደረገችው፣ እኔ ከውጭ የመጣልኝ እውነተኛ የሱፍ ክር ነበረኝና እሱን አወጣሁ፣ ለሕፃን ልጅ ይገባዋል ብዬ። ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ይዘን ሄድን። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ተቀበሉን። ፎቶ ተነሳን። ተመለስን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዷ አባላችን የወለደች ዘመድ ልትጠይቅ እዚያው ሄደች። ኮፍያዎቹ በካርቶን እንዳሉ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ያዘነችው ማዘን! ቅዳሜ መጥታ ስትነግረን ሁሉም ተቆጣ። «ንቀውን ነው» ያለች አለች። «ሁለተኛ እዚያ አልሄድም» ያለችም አለች። እኔ በማስተማር ዘመኔ የለመድኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ከመቆጣት በፊት ለምን እንደዘጋው መጠየቅ ነው። እንሂድና እንጠይቅ አልኩ። ሁለት ሆነን ሄድን።

ሲስተር፣ ማለትም የሕፃናቱ ክፍል ነርስ፣ ሥራ በዝቶባት ነበር። ቢሆንም አስቀመጠችን። ካርቶኑን አመጣችና ኮፍያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች አሳየችን። በትሕትና ነው ያስረዳችን፣ «እናቶቼ» እያለች።

እሷ ክፍል የሚገቡት ሕፃናት አብዛኞቹ ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ ናቸው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ቀኑ ያልሞላ ይባላል። ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ደግሞ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ነው። እሷ ጋ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ ከዚያም ያነሰ አለ። በጊዜው የተወለደ ልጅ የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእነዚህ 28 ነው፣ 26 ነው። እኛ የሠራነው የጎረቤታችንን ወፍራም ልጅ እያሰብን ነበር። ያ ኮፍያ ለእነሱ ዓይናቸው ላይ ይወርዳል፣ ወይም ተንሸራቶ ይወልቃል።

ቀጥላ የእኔን ሱፍ አወጣች። ለሕፃን ከመልበሱ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ታጥቦ ተኮማትሮ ጠንክሯል፣ የስኒ መክደኛ አክሏል። ሱፍ ሙቅ ውሃና መታሸት ሲያገኘው እንደሚጠቀጠቅ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። አላሰብኩትም። የክር ኳስ ያለበትን ደግሞ ስታሳየን፣ ልጁ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ ኳሱ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል አለች። አዝራር ያለበት አይሆንም፣ ሊነቀል ይችላል። ከውስጥ የተንጠለጠለ ክር ያለበት አይሆንም፣ ክሩ የሕፃን ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ያቆማል። የአበባው ዳንቴል ቀዳዳ ነው፣ ሙቀት አይዝም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ኮፍያው ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ክፍሉ ይሞቅ የለም ወይ? ይዛን ገብታ ከበሩ ላይ አሳየችን። እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ገላ ለገላ። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ከተማ፣ ማሞቂያ ማሽን ለሕፃናቱ አልበቃ ሲል ሐኪሞች የጀመሩት ነው፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ልጁ ዳይፐር፣ ካልሲና ኮፍያ ብቻ ነው የሚያደርገው። ቀሪውን የእናቱ ገላ ያሞቀዋል። የሕፃን ራስ ከቀሪው ገላው ጋር ሲታይ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ራሱ ከተገለጠ ሙቀቱ በዚያ በኩል ይሄዳል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ገና ስብ የላቸውም፣ ብርድን የሚመክቱበት ነገር የላቸውም። እኛ ለጌጥ ብለን የሠራነው ኮፍያ እዚያ ክፍል ውስጥ የሕክምና ዕቃ ነው።

እዚያ በር ላይ ቆሜ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። አንዲት በጣም ልጅ የሆነች እናት፣ ከገጠር የመጣች ትመስላለች፣ ቡጢ የምታህል ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ትተኛለች፣ ትነቃለች። ትከሻዋ ተገልጧል። ሲስተርን «ከኮፍያው ሌላ የሚቸግራችሁ ነገር ምንድን ነው?» አልኳት። ወዲያው መለሰች። «ለእናቶቹ የትከሻ ልብስ» አለች። ለሰዓታት ደረታቸውን ከፍተው ነው የሚቀመጡት። ሌሊት ትከሻቸውና ጀርባቸው ይበርዳቸዋል። ነጠላው ይንሸራተታል፣ ጋቢው ይከብዳል፣ ልጁንም ይሸፍነዋል። ከፊት ክፍት የሆነ፣ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የማይወርድ አንድ ነገር ቢኖር አለች። ሰው ሁሉ ለልጁ ነው የሚያመጣው፣ ለእናቲቱ ያሰበ የለም። እኛ ሃያ ሴቶች፣ አብዛኞቻችን የወለድን፣ እኛም አላሰብንም። ብንጠይቅ ኖሮ ግን በአምስት ደቂቃ እናውቀው ነበር።

ሲስተር ከመሄዳችን በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈችልን። ወረቀቱ ዛሬም የሹራብ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ዋናውን ልንገራችሁ፣ ግን የእናንተ ከተማ ሆስፒታል ሌላ ሊፈልግ ይችላልና የራሳችሁን ሲስተር ጠይቁ። ኮፍያው በሦስት መጠን ይሠራ። ሹራብ ስለሚለጠጥ ከራሱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ ራሱ 28 ለሆነ ልጅ ኮፍያው 25 ወይም 26 ይሁን። ክሩ ለስላሳ ጥጥ ወይም ለሕፃን ተብሎ የሚሸጠው አክሪሊክ ይሁን፣ ታጥቦ የማይበላሽ። ምንም የሚንጠለጠል አይኑርበት። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በየመጠኑ በላስቲክ ታስሮ ይምጣ፣ ላስቲኩ ላይ መጠኑ ይጻፍበት። የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች። ሌሊት አምስት ሕፃን የሚያይ ነርስ ግን ካርቶን ውስጥ እየፈተሸ ኮፍያ የሚለካበት ጊዜ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ስንሄድ ፎቶ መነሳት ትተናል። ማንም አልከለከለንም። ፎቶው እኛን አስደስቶን ስለሚሸኘን ኮፍያው ይጠቅም አይጠቅም ሳንጠይቅ እንወጣ ነበር፣ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ቡድን ከሆናችሁ መቼም ብርድ ልብስ ማሰባችሁ አይቀርም። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዷ ሴት ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ትሠራለች፣ ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ። አንድ ቁራጭ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ስድስት በስምንት ስትደረድሩት 48 ቁራጭ ይሆናል፤ ይህም 120 በ160 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሰው ብቻውን ተራራ ነው። ለሃያ ሴት ግን ለእያንዳንዷ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጊዜ «ሁላችሁም 36 ቀለበት ጀምሩ» ብለን ተለያየን፤ ቀለበት የምንለው መርፌው ላይ የሚያዘውን የክር ዙር ነው። ቁራጮቹ ሲመጡ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የእማማ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጥብቀው ነው የሚሠሩት፣ ሹራባቸው ውሃ አያስገባም። የአንዷ ልጅ 23 ነው፣ እጇ ልል ነው። አንዷ በወፍራም መርፌ፣ አንዷ በቀጭን። የእጅ ነገር እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፣ አንድ ዓይነት ሁኑ ብትሉ አይሆንም። እንዲሁ ብንሰፋቸው ብርድ ልብሱ መሃሉ ጎብጦ ዳሩ ይሸበሸባል። ሠላሳ ምናምን ቁራጭ ከፊታችን ተቀምጦ ዝም ብለን አየነው። አንዳንዷ ተርትራ ልትጀምር መርፌዋን አወጣች።

ያወጣችን አንዲት ወጣት ናት። ልብስ የሚሰፋበት የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ ተቀጥረው ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ልጆች ከተማችን ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ሥራቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ከእኛ ጋር ሦስት አሉ። ይህችኛዋ ኪውሲ ነበረች፣ ማለት ልብስ ከመስመር ሲወጣ ልኩን የምትፈትሽ። ሜትሯን አሁንም አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው። ካርቶን አምጡ አለች። 20 በ20 አድርጋ ሃያ ካርቶን ቆረጠችና አደለችን። «ቀለበት አትቁጠሩ፤ በካርቶኑ ለኩ» አለች።

ያ ብቻ አይደለም። ከጥግ እንጀምር አለች። ይህን ዘዴ የማታውቁ ካላችሁ ሞክሩት። መርፌው ላይ ሁለት ሦስት ቀለበት ብቻ ታደርጋላችሁ። በየረድፉ መጀመሪያ አንድ አንድ ቀለበት ትጨምራላችሁ። ሥራው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይሰፋል። ጎኑ የካርቶኑን ጎን ሲያክል መጨመር ታቆሙና በየረድፉ አንድ አንድ እየቀነሳችሁ እስኪያልቅ ትሄዳላችሁ። አራት ማዕዘን ይወጣል። አጥብቃ የምትሠራዋ ቀለበቷ ይበዛል፣ አላልታ የምትሠራዋ ያንሳል፣ ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ልክ ያርፋሉ። መርፌ ይዛ የማታውቅ ልጅ እንኳ በሁለት ቅዳሜ ትለምደዋለች። እማማ «ሰባ ዓመት ስሠራ ይህን ማን ደበቀኝ?» ብለው ልጅቷን ሳሟት። ያቺ ልጅ ከሥራ ከወጣች ጀምሮ ድምፅዋ የማይሰማ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ቁራጭ የምትረከበው እሷ ናት፣ ያልገጠመውን ትመልሳለች፣ የእኔንም መልሳ ታውቃለች።

ሌላው ሁሉም የሚሸሸው ሥራ መገጣጠሙ ነው። መሥራት ጫወታ አለው፣ መስፋት ግን ራስ ያዞራል። 48 ቁራጭ ማለት መጀመሪያና መጨረሻው 96 የተንጠለጠለ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ያን ሁሉ ለአንዲት ሴት ጥለንባት ሁለት ወር ቤቷ ተቀምጦ ነበር፣ እሷም ተቀይማ ለጥቂት ሳምንት ቀረች። እውነቷን ነው። አሁን ደንባችን ጫፉን ደብቆ ያልመጣ ቁራጭ አይቆጠርም ነው። ስፌቱን ደግሞ ሁላችንም አንድ ላይ፣ አራት አራት ሆነን በመስመር ከፋፍለን፣ በአንድ ቀለም ክር እንሰፋለን። ቁራጮቹ ሃያ ዓይነት ቀለም ቢሆኑም የመጋጠሚያው ክር አንድ ከሆነ ዓይን ይሰበስባል።

ክሩን በተመለከተ አንድ ሰው፣ የአባላችን ባል ናቸው፣ ቡና እየጠጡ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁን። «ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ሞልቶ የለም ወይ? ለክር የምታወጡትን አሰባስባችሁ አትገዙም?» ትክክል ናቸው። አንድ ቁራጭ በሚዛን 25 ግራም ገደማ ነው። 48ቱ አንድ ኪሎ ከ200 ግራም ይሆናል። ይህን ሁሉ አዲስ ክር ከሱቅ ከገዛችሁ ያለቀ ብርድ ልብስ ይገዛችኋል፣ ሊተርፍም ይችላል። ስለዚህ አዲስ ክር አንገዛም። የእኛ ክር ከየቤታችን የተረፈ ነው፣ ያልበቃውን ከሰልባጅ ነው የምናገኘው።

የሰልባጅ ሹራብ መተርተር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስትገዙ ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚሰፋ ማሽን) የታሰረ ከሆነ ተዉት፤ ሲተረተር በየረድፉ ይበጠሳል፣ ቁርጥራጭ ክር ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ጠርዙ ሳይቆረጥ ሁለቱ ወገን በሰንሰለት ስፌት ብቻ ከተያያዘ ግን ያ ወርቅ ነው። ስፌቱን ፈትታችሁ እጅጌውን፣ ፊቱንና ጀርባውን ለዩ፣ ከዚያ ከላይ ከአንገቱ ወደ ታች ተርትሩ፤ ከታች ከጀመራችሁ ይያያዝባችኋል። ክሩን ወንበር ጀርባ ላይ እየጠመጠማችሁ፣ በአራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እጠቡት፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ አስጡት። የተሸበሸበው ክር ይቀናል። ከአንድ የትልቅ ሰው ሹራብ 400 ግራም ገደማ ክር ይወጣል። ሦስት ሹራብ አንድ ብርድ ልብስ ማለት ነው። ደግሞ መተርተርና መጠቅለል ዓይናቸው ለደከመ፣ መርፌ ለማይዙ፣ ለትንንሽ ልጆችም ሥራ ይሆናል። ያን ጥያቄ የጠየቁት ባል ዛሬ ዋና ተርታሪያችን ናቸው።

ብርድ ልብሱ የት እንደሚሄድም ጠይቀን ነው የወሰንነው። ሀዋሳ እንደምታውቋት ቆላማ ባትሆንም የከፋ ብርድ የላትም፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ያለው ሁላ ሀገረ ሰላም ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጭጋጉ ከጠዋት እስከ ቀትር አይነሳም። አንዷ አባላችን የዚያ ተወላጅ ናት፣ ለሽማግሌዎች ምን ይሻላል ብለን ስንጠይቃት እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሰማናቸው። «አልጋ ላይማ ጋቢ አለን፤ ውጭ ስንቀመጥ ጉልበታችን ነው የሚበርደን» አሉ። ስለዚህ ለእነሱ የምንሠራው ግማሽ ነው፣ 24 ቁራጭ፣ 80 በ120፣ ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ የሚያደርጉት። ክሩም ይቀንሳል፣ ጊዜውም። ሙሉውን መጠን የምንሠራው ሙሉውን ለጠየቀን ሰው ብቻ ነው።

በቡድን የማይሆነውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ባለ እጅጌ ሹራብ በቡድን አትሥሩ። አንዷ ፊቱን፣ አንዷ ጀርባውን ከሠራችው አይገጥምም፣ ጠብ ያመጣል። ካልሲም እንዲሁ፣ ግራና ቀኙ አንድ እጅ ይፈልጋል።

ለእናቶች የጠየቁንን የትከሻ ልብስ እየሠራን ነው። ሁለት ሠርተን ወሰድን፣ ሲስተር እናቶቹን አስለብሳ አየችው፣ አንዱ ረዘመ አንዱ ተመቸ። የተመቸው ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት በሁለት ጠባብ ጫፍ የሚወርድ፣ አንድ ጊዜ የሚቋጠር ነው። አሁን እሱን ብቻ ነው የምንሠራው።

ወደሚያስቸግረን ነገር ልምጣ። ክረምት ሲገባ ዛፍ ሥር መቀመጥ አይቻልም። በአንዷ በረንዳ ተጣበን እንቀመጣለን፣ ስምንት ሰው ሲሞላ ሌላው ቆሞ ይመለሳል። ባለፈው ክረምት በቦታ ጥበት ምክንያት ሰባት ሴቶች ቀርተውብናል፣ ከሰባቱ ሁለቱ አልተመለሱም። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ አንድ አዳራሽ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፎ ይውላል። ለሚመለከተው ቢሮ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስገባን። መጀመሪያ «ነገ ኑ» አሉን። ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው «ማኅበራችሁ ሕጋዊ ሰውነት አለው ወይ?» ተባልን። እኛ ማኅበር አይደለንም። ገንዘብ አንሰበስብም፣ ዕርዳታ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቁልፍ ብቻ ነው። ጠርገን እንወጣለን። መብራት እንኳ አያስፈልገንም፣ መስኮቱ ይበቃናል። ይህን የሚያነብ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው፣ በየትኛውም ሰፈር፣ በየትኛውም ከተማ፣ እባክዎን እንደኛ ያሉ ሴቶች ሲመጡ ስለ ማኅተም ከመጠየቅዎ በፊት ለምን ሰዓት እንደሚፈልጉት ይጠይቋቸው።

አንባቢዎችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ ያለቀ የልጅ ሹራብ፣ የተረፈ ክር፣ እናታችሁ ትታ የሄደችው የሹራብ መርፌ ካለ አትጣሉት። አካባቢያችሁ ተሰብስበው የሚሠሩ ሴቶች አይጠፉም፣ ለእነሱ ስጡ። መርፌ በተለይ ብርቅ ነው። አንዷ ልጃችን ለመማር የጀመረችው በሁለት የተሳለ የቀርከሃ ስንጥቅ ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ 17 ቁራጭ አለ፣ ለሀገረ ሰላሟ እናት ጉልበት። ሰባት ይቀራል። ሁለቱ የእኔ ናቸው፣ አንዱን ጀምሬዋለሁ፣ ከጥግ። ቅዳሜ ዝናብ ካልጣለ ዛፉ ሥር ነን፣ ከጣለ በረንዳው ላይ። መጥታ መማር የምትፈልግ ሴት ካለች ካርቶን ቆርጠን እንጠብቃታለን።

አክባሪያችሁ
አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከሀዋሳ